ሌሊቱን ተዪው፣ ጠዋቱን ያዢ

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጆች። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ስዊድን ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ከባለቤቴና ከስድስት ዓመት ልጃችን ጋር ስቶክሆልም ቴንስታ የሚባል ሰፈር ነው የምንኖረው። የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። አንዳንድ ቀን የጠዋት፣ አንዳንድ ቀን የማታ ፈረቃ አለኝ።

በየዓመቱ ጥቅምት ሲያልቅ ሰውነቴ ይከብደኛል። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ጠዋት የምነሳው ሞቼ ነው። ዕረፍት የሆንኩ ቀን እስከ ቀትር እተኛለሁ፣ ስነሳ ግን ጭራሽ ደክሞኝ ነው። ዳቦና ጣፋጭ ካልበላሁ አይሆንልኝም። ባለቤቴ ክፉ ሳይናገረኝ እጮህበታለሁ፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ትቻለሁ። ደስ የሚለኝ ከሥራ ስመለስ ቡናዬን አፍልቼ፣ ቨርጂኒያ ካለችው እህቴ ጋር ማውራት ብቻ ነው። እሷ ከሥራ የምትወጣው እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን ነው። ሚያዝያ ሲገባ ሁሉም ነገር ብን ብሎ ይጠፋል።

እናቴ “ዓይነ ጥላ ነው፣ መጥተሽ ጠበል ተጠመቂ” ትለኛለች። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ የራሷን የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥታኛለች፣ እስካሁን አልዋጥኩትም። ሌላዋ ስዊድናዊት ደግሞ “ጫካ ሂጂ” ትለኛለች። በዚህ ብርድ ጫካ ገብቼ ምን ልሥራ? እውነት ጨለማና ብርድ ሰውን እንዲህ ያደርጋል? ወይስ እያበድኩ ነው? ልጄም ጠዋት አልነሳም እያለ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጨለማው የከበዳት፣ ከስቶክሆልም»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

እያበድሽ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያስጨነቀሽ ይህች ጥያቄ ስለመሰለችኝ ነው። የጻፍሽውን ነገር ሐኪሞች ያውቁታል። ስም አለው፣ ሕክምናም አለው። የወቅት ድባቴ ይሉታል። በየዓመቱ በአንድ ጊዜ መምጣቱ፣ በአንድ ጊዜም ለቆሽ መሄዱ ትልቁ ፍንጭ ነው። የሰውነት መክበድ፣ ተኝቶ አለመጥገብ፣ ዳቦና ጣፋጭ ማማር፣ ከሰው መሸሽ… አንቺ ሳታውቂው ምልክቶቹን አንድ በአንድ ቆጥረሽልኛል። ይሁንና እኔ የዓምድ ጸሐፊ ነኝ። መርምሮ ቁርጡን የሚነግርሽ ሐኪም ነው፣ ወደሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ይህን ሕመም መጀመሪያ በወጉ የመዘገበው ሰው ታሪክ ላንቺ የተጻፈ ይመስላል። ኖርማን ሮዘንታል ይባላል፣ የአእምሮ ሐኪም ነው። ተወልዶ ያደገው ደቡብ አፍሪካ ነው። በ1976 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) ወደ ኒውዮርክ ሄደ። ቀኑ ሲያጥር ጉልበቱ እየከዳው፣ ቀኑ ሲረዝም እየተመለሰለት እንደሆነ በራሱ ላይ አስተዋለ። በኋላ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሲሠራ እንደሱ የሚሆኑ ሰዎችን ሰብስቦ አጠና። በ1984 ከባልደረቦቹ ጋር ሕመሙንም፣ በደማቅ ብርሃን መታከም እንደሚቻልም ጻፉ። ፀሐይ ከጠገበ አፍሪካ ተነስቶ ሰሜን ላይ ግራ የተጋባ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ይህን ክፍል ዘለሽ ወደ ምክሩ እንዳትሮጪ፤ ምክንያቱ ካልገባሽ ምክሩን በሁለት ቀን ትተዪዋለሽ።

እኛ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጣት ነው። ይህ የሚያዋጣው ፀሐይዋ ቃሏን ስለምታከብር ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ነው። የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን ቢነጻጸሩ ልዩነታቸው አንድ ሰዓት ከትንሽ ቢሆን ነው። ስቶክሆልም ላይ በዚህ ሰዓት ኑሪ ብትባዪ ትቸገሪያለሽ። በታኅሣሥ፣ በአጭሩ ቀን፣ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ43 ገደማ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ስድስት ሰዓት ብቻ! ሰኔ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ቀኑ ከ18 ሰዓት ያልፋል። የጠዋት ፈረቃ ባለሽ ቀን በጨለማ ትገቢያለሽ፣ በጨለማ ትወጫለሽ። እስቲ አስቢው፣ ባለፈው ሳምንት በቀን ብርሃን ውጪ የቆምሽው ስንት ደቂቃ ነው?

ይህ ለምን እንቅልፍሽን ይነካል? እያንዳንዳችን አንጎል ውስጥ ሰዓት ስላለ ነው። ወደ 20,000 የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች ናቸው፣ የሚገኙትም የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ ከፍ ብሎ ነው። መቼ እንደሚያንቀላፋሽ፣ መቼ ሰውነትሽ እንደሚነቃቃ፣ ሜላቶኒን የሚባለው የሌሊት ሆርሞን መቼ እንደሚመነጭ የሚያዙት እነሱ ናቸው። ችግሩ ይህ ሰዓት በአብዛኛው ሰው ላይ ልክ 24 ሰዓት አይቆጥርም፤ በጥቂት ደቂቃ ይረዝማል። በየቀኑ የሚያስተካክለው ካላገኘ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። 6 ሰዓት ላይ ይመጣ የነበረ እንቅልፍ 7፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ ያንቺ 9 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ዋናው አስተካካይ የጠዋት ብርሃን ነው። ዓይናችን ውስጥ ነገር ለመለየት ሳይሆን የብርሃኑን መጠን ለዚህ ሰዓት ለመንገር የሚሠሩ ሴሎች አሉ። ጠዋት ብርሃን ካላገኙ የሚነግሩት ነገር የላቸውም።

ሰው የፀሐይ ብርሃን ጭራሽ ሲያጣ ምን እንደሚሆን በራሱ ላይ የሞከረ አንድ ፈረንሳዊ አለ፤ ሚሼል ሲፍር። በ1962 በ23 ዓመቱ አልፕስ ተራሮች ውስጥ ያለ ጥልቅ ዋሻ ገባ። ሰዓትም ቀን መቁጠሪያም አልያዘም። ሲርበው ይበላል፣ ሲደክመው ይተኛል። መስከረም 14 ቀን (በእነሱ አቆጣጠር) ጊዜህ አልቋል ብለው ሲያወጡት እሱ ገና ነሐሴ 20 መስሎት ነበር። ሃያ አምስት ቀን ጠፋበት! አንቺ ዋሻ ውስጥ አይደለሽም እርግጥ ነው። ግን በታኅሣሥ የአረጋውያን መኖሪያ ኮሪደርና የምድር ባቡር ውስጥ የሚውል ሰው ከዋሻው ብዙ አይርቅም።

«መብራት አለ አይደል?» ትዪ ይሆናል። የብርሃን መጠን የሚለካው በሉክስ ነው። ሳሎን ውስጥ ማታ የምታበሪው አምፖል 100 ወይም 200 ሉክስ ቢሰጥሽ ነው። ደመና የሸፈነው የስቶክሆልም ቀትር እንኳ ውጪ ላይ ከ1,000 ያልፋል። የማርቆስ የበጋ ቀትር ወደ 100,000 ይጠጋል። ዓይናችን ቶሎ ስለሚለምድ ልዩነቱ ያን ያህል አይመስለንም። የአንጎል ሰዓት ግን አይሸወድም።

ስለ ባለቤትሽ ደግሞ። በ2007 በአሜሪካ የተሠራ አንድ ጥናት ሰዎችን ወደ 35 ሰዓት ያህል ሳያስተኛ አቆይቶ፣ ደስ የማይሉ ሥዕሎች እያሳየ አንጎላቸውን በማሽን ተመለከተ። አሚግዳላ የሚባለው፣ ፍርሃትና ቁጣ የሚቀሰቀስበት የአንጎል ክፍል፣ ከተኙት ሰዎች ይልቅ 60 በመቶ ያህል አብልጦ ተቀጣጠለ። እሱን «ረጋ በል» የሚለው የፊተኛው አንጎል ክፍል ደግሞ ከሱ ጋር የነበረው ግንኙነት ላልቶ ተገኘ። ስለዚህ ባለቤትሽ «ሳህኑ የት አለ?» ሲልሽ የምትጮኺው ጠልተሽው ላይሆን ይችላል። ይህን አንቀጽ አብራችሁ አንብቡት። ብዙ ትዳር ውስጥ «ተለወጠች፣ ተለወጠ» እየተባለ የሚወራው ነገር መነሻው የእንቅልፍ ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉ የሚታገለው ከሌሊቱ ጋር ነው። ትራስ ይለውጣል፣ ሻይ ያፈላል፣ በግ ይቆጥራል፣ ሰዓቱን እያየ «አሁን ብተኛ አራት ሰዓት ይቀረኛል» እያለ ያሰላል። እንቅልፍ በግድ አይመጣም። በእጅሽ ያለው ጠዋቱ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ለጊዜው ተዪውና ጠዋቱን ያዢ።

መጀመሪያ የመነሻ ሰዓትሽን ቁረጪ። የጠዋት ፈረቃ ባለሽ ቀን በግድ በሌሊት ትነሻለሽ፣ እሱ ምርጫ የለውም። በሌሎቹ ቀናት ሁሉ ልጅሽን ትምህርት ቤት ለማድረስ የምትነሺበት ሰዓት መነሻሽ ይሁን። ዕረፍት ቀንም፣ ቅዳሜም፣ እሑድም። ሌሊቱን 9 ሰዓት ተኝተሽ ከሆነም ተነሺ። ጨካኝ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እስከ ቀትር በተኛሽ ቁጥር ያቺን የስድስት ሰዓት ቀን ግማሹን ትበያታለሽ፣ የሰውነትሽ ሰዓትም ይበልጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል። ከዚያ ድካሙ ራሱ ማታ ላይ ያስተኛሻል።

ሁለተኛው ብርሃኑ ነው። ስዊድን ውስጥ ለዚህ ተብሎ የተሠራ መብራት በየኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ይሸጣል። ስትገዢ 10,000 ሉክስ እንደሚሰጥ፣ በስንት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ እንደሚሰጥም ካርቶኑ ላይ አንብቢ፤ ትንንሾቹ መብራቶች ያን የሚሰጡት አፍንጫሽ ሥር ካደረግሻቸው ብቻ ነው። እንደተነሳሽ ቁርስሽን እየበላሽ ለ30 ደቂቃ ያህል ጠረጴዛው ላይ ከፊትሽ፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርጊው። አትፍጠጪበት፣ ዓይንሽን ገልጠሽ አጠገቡ መሆንሽ ይበቃል። ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያያል። ራስ ምታት ወይም መቁነጥነጥ ካመጣብሽ ደቂቃውን ቀንሺ። ማታ ግን እንዳታበሪው፣ እንቅልፍሽን ያባርረዋል። በሚመጣው ዓመት ደግሞ ሕመሙን አትጠብቂው፣ መስከረም ሲያልቅ ጀምሪ።

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አንብቢ። የዓይን ሕመም ካለብሽ መብራቱን ከመጀመርሽ በፊት ሐኪም ጠይቂ። በሕይወትሽ ውስጥ ለቀናት ብዙም ሳትተኚ ጉልበትሽ የተትረፈረፈበት፣ ሐሳብሽ የሮጠበት፣ ገንዘብ ያለ ልክ የበተንሽበት ጊዜ ከነበረም እንደዚሁ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ደማቅ ብርሃን ስሜቱን ከልክ በላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል።

መብራቱ ቢኖርም ውጪ መውጣትሽን አይተካም። የማታ ፈረቃ ባለሽ ቀን ከጠዋቱ 3 እስከ 8 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅሽ ነው። የጠዋት ፈረቃ ባለሽ ቀን ደግሞ የምሳ ዕረፍትሽን ሠራተኛ ክፍል ውስጥ ስልክ እየነካካሽ አትጨርሺው። ካፖርትሽን ደርበሽ ለ15 ደቂቃም ቢሆን ውጪ።

ወደ ቡናሽ ልምጣ። አትጠጪ ልልሽ አይደለም፣ ማን ደፍሮ! ከአንዱ ቡና ወዳድ ሕዝብ ወጥተሽ ሌላው ውስጥ ነው የገባሽው፤ ስዊድኖች ቡና በመጠጣት ከዓለም ፊተኞቹ ውስጥ ናቸው፣ ከሰዓት በኋላ ፊካ (የቡና ዕረፍት) ካላሉ አይውሉም። ነገር ግን ካፌይን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከጠጣሽው ማታ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጥሽ አለ። ቀን ሙሉ ስንነቃ አንጎል ውስጥ አዴኖዚን የሚባል ነገር ይጠራቀማል፣ «ደክሞኛል፣ ልተኛ» የሚያሰኘን እሱ ነው። ካፌይን ድካሙን አያጠፋውም፣ እንዳይሰማሽ ብቻ ይከልልሻል። አንቺ ደግሞ ከማታ ፈረቃ ተመልሰሽ እስከ በረካ ትደርሺያለሽ። ጀበናውን ወደ ጠዋት አዙሪው። አቦልም ቶናም በረካም ከቀትር በፊት፣ መስኮቱ አጠገብ።

እህትሽንም እንድትዘጊያት አልነግርሽም። በዚያ ጨለማ ውስጥ የቀረችሽ ደስታ እሷ ናት። ስሌቱን ግን ተመልከቺ። ቨርጂኒያ ካንቺ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነች። እሷ ከሥራ ወጥታ ዘና ስትል አንቺ እኩለ ሌሊት ላይ ነሽ። ከሷ ዕለት ጋር ስትኖሪ ሰውነትሽ ግማሽ አትላንቲክን ተሻግሮ ይውላል። አንቺ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ውጪ ስትራመጂ እሷ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ለመሄድ እየተዘጋጀች ነው። ያን ጊዜ ደውዪላት። አንቺ እየተራመድሽ፣ እሷ ቡናዋን እየጠጣች። ለሁለታችሁም ይበጃል።

አልጋ ላይ ተኝተሽ እንቅልፍ እንቢ ካለ 20 ደቂቃ ያህል ከጠበቅሽ በኋላ ተነሺ። ሰዓቱን ግን አትዪ፣ በግምት ነው። ሳሎን ውስጥ ደብዘዝ ባለ መብራት የሚያሰለች ነገር ሥሪ። ካልሲ እጠፊ፣ ዳዊት ድገሚ፣ የፈለግሽውን። ዓይንሽ ሲከብድ ተመለሽ። አልጋ ላይ ለሰዓታት መገላበጥ አንጎልን «ይህ ቦታ የጭንቀት ቦታ ነው» ብሎ ያስለምደዋል። ይህ የተራ ሰው ብልሃት አይደለም። ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ሐኪሞች ከኪኒን በፊት የሚያዙት የንግግር ሕክምና አንዱ ክፍል ነው።

ስለ ኪኒኑ፦ ለባልደረባሽ መልሺላት። በጎ አስባ ነው፣ ግን ለሷ የታዘዘ መድኃኒት ነው። አንዳንዶቹ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ሱስ ያስይዛሉ፣ ጠዋት ላይም ያደነዝዛሉ። ያንቺ ሥራ ደግሞ አቅመ ደካማ ሰው ደግፎ ማንሳት ነው።

አሁን ወደዚያች «ጫካ ሂጂ» ወዳለችሽ ሴት። ሳቅሽባት መሰለኝ። ግን ልክ ነች። «ጫካ ገብቼ ምን ልሥራ?» ላልሽው እኔም ልጠይቅሽ፦ ማርቆስ እያለሽ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ጽዱና ወይራው ሥር ተቀምጠሽ ምን ትሠሪ ነበር? ምንም። ትቀመጫለሽ። ሐሳብሽ ይረጋል። ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላው መሬት ታርሶ ሲራቆት የተረፉት ደኖች በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያሉት ናቸው፤ እነ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በሰፊው ያጠኗቸው። እኛ በዛፍ ጥላ ሥር ነፍስን ማሳረፍ ከማንም የምንማረው ነገር አይደለም። ስዊድን ውስጥ ዛፉ ሌላ ስለሆነ፣ ደወልም ስለሌለው፣ እንግዳ ሆነብሽ እንጂ።

ሳይንሱም ይህን ይደግፋል፣ ሳላጋንን ልንገርሽ። በ2015 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ግማሾቹን ሰዎች ሣርና ዛፍ ባለበት፣ ግማሾቹን መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ለ90 ደቂቃ አራመደ። በዛፉ በኩል የሄዱት ስለራሳቸው መጥፎ ሐሳብ ማመንዠካቸው ቀነሰ። ከዚህ ዓይነት ሐሳብ ጋር የሚያያዘው የአንጎል ክፍልም ረገብ ብሎ ታየ። የተሳተፉት 38 ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ዓለም የሚለወጥበት ግኝት ነው አልልሽም። በ2013 ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ ስምንት ሰዎች ያለ ስልክና ያለ ባትሪ ተራራ ላይ ለሳምንት ድንኳን ተክለው ከረሙ። ብርሃናቸው ፀሐይና የእንጨት እሳት ብቻ ነበር። የሰውነታቸው ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ፊት መጣ፣ ማታ በጊዜ ያንቀላፉ ጀመር። ጫካ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሰጥሻል፤ ለሰዓትሽ ብርሃን፣ ለሐሳብሽ ዕረፍት።

ቴንስታ ከሆንሽ ደግሞ ሩቅ መሄድ የለብሽም፣ ያርቫፌልተት የሚባለው ሰፊ ሜዳና ደን ደጃፍሽ ላይ ነው። የሰው መሬት ረገጥኩ ብለሽ አትስጊ። ስዊድን ውስጥ አለማንስሬተን የሚሉት መብት አለ፤ የሰው ግቢና አዝመራ እስካልረገጥሽ፣ እስካላበላሸሽ ድረስ ማንም ሰው ደን ውስጥ መሄድ ይችላል። ጫማሽ ላይ የሚታሰር የበረዶ መርገጫ ግዢ፣ መውደቅ ቀልድ አይደለም። በረዶ መሬቱን ሲሸፍነው ደስ ይበልሽ፣ ያለችውን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቅልሻል። የሚከፋው ኅዳር ነው፣ በረዶም የለ፣ ፀሐይም የለ፣ ጭቃ ብቻ።

መውጣት ባትችዪ መስኮትም ዋጋ አለው። በ1984 ሮጀር ኡልሪች የሚባል ተመራማሪ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን መዝገብ አመሳከረ። አልጋቸው ዛፍ ወደሚያሳይ መስኮት የነበረ ሰዎች፣ የሸክላ ግድግዳ ከሚያዩት ይልቅ ቶሎ ከሆስፒታል ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ይህን የነገርኩሽ ለሥራሽም ስለሚጠቅም ነው። እነዚያን አረጋውያን ጠዋት ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙሪላቸው፣ አንቺም ሪፖርትሽን እዚያው ተቀምጠሽ ጻፊ።

እናትሽ የሚሉሽን አትናቂ፣ አትከራከሪያቸውም። ጠበልን ከሐኪም ጋር የሚያጣላ ነገር የለም፣ አንዱን ለማድረግ ሌላውን መተው አያስፈልግም። እንዲያውም አስቢው፦ አገር ቤት ኪዳን ለማድረስ ጎህ ሳይቀድ ትነሻለሽ፣ በእግርሽ ትሄጃለሽ፣ ስትመለሽ ፀሐይ ፊትሽን ትመታሻለች፣ መንገድ ላይ አሥር ሰው ሰላም ይልሻል። የመነሻ ሰዓት፣ የጠዋት ብርሃን፣ እግር ጉዞ፣ ሰው። ስዊድን ስትመጪ አራቱንም በአንድ ጊዜ ነው ያጣሽው። ስለዚህ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄዱን በስሜትሽ አትወስኚ። ስሜትሽ «አትሂጂ» ማለቱ የሕመሙ ጠባይ ነው። ደስ ባይልሽም ሂጂ፣ ጥግ ላይ ቁጭ በዪ።

ሐኪም ጋ ለመሄድ እስክትድኚ ወይም እስኪብስብሽ አትጠብቂ። በሰፈርሽ ወዳለው ቮርድሴንትራል (ጤና ጣቢያ) ደውዪና ቀጠሮ ያዢ። ግራ ከገባሽ ወደ ጤና ምክር መስመሩ 1177 ደውዪ። የነገርሽኝን እንዳለ ንገሪያቸው፣ «ትንሽ ደክሞኛል» ብለሽ እንዳታለሳልሺው፤ እኛ ሐበሾች ሐኪም ፊት ስንቀርብ «ደህና ነኝ» ማለት ይቀናናል። ደምሽን ይዩልሽ፦ የደም ማነስና ብረት፣ ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ዲ። በዚያ ኬክሮስ ላይ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ፀሐይ ለቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚያሠራ ጉልበት የለውም፣ የኛ ቆዳ ደግሞ በበጋውም ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። ቫይታሚኑ ድባቴውን ያጠፋልሻል ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ እጥረቱ ግን ድካምና የጡንቻ ሕመም ያመጣል። የገና ጾም የሚውለውም ልክ በጨለማው ወራት ነው። ስዊድኖች ቫይታሚን ዲ ከሚጨምሩባቸው ነገሮች ዋናው ወተት ነው፣ ጿሚ ደግሞ ወተት አይጠጣም። የአጃ ወተት የምትጠጪ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ዲ መጨመሩን እዪ፣ መጾምሽንም ለሐኪሙ ንገሪ።

የንግግር ሕክምናም ጠይቂ። በአሜሪካ ቨርሞንት የተሠራ ጥናት 177 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በብርሃን፣ ግማሾቹን ለወቅት ድባቴ በተዘጋጀ የንግግር ሕክምና አከመ። በመጀመሪያው ክረምት ሁለቱም እኩል ረዱ። ከሁለት ክረምት በኋላ ግን ሕመሙ የተመለሰባቸው በንግግር ከታከሙት 27 በመቶ ያህል፣ በብርሃን ከታከሙት 46 በመቶ ያህል ነበሩ። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለሽ። ሐዘን በሁለተኛ ቋንቋ ሲነገር ይጎድላል፣ ስለዚህ አታፍሪ።

መኖር ካስጠላሽ፣ ራስሽን ስለመጉዳት ካሰብሽ ደግሞ ይህን ሁሉ ተዪውና በዚያው ሰዓት ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 112 ደውዪ። ለባለቤትሽም ንገሪው። መብራትና ጫካ ለዚያ ቀን አይደሉም።

ስለ ፈረቃሽ አለቃሽን አነጋግሪ። በማታና በጠዋት ፈረቃ መካከል በቂ ዕረፍት መኖር አለበት፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በቀን ውስጥ ቢያንስ 11 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ያዛል። ማታ 3 ሰዓት ተኩል ወጥተሽ በማግሥቱ ጠዋት 1 ሰዓት የምትገቢ ከሆነ እሱ አልተሟላም። ኮሙናል የሚባለው የሠራተኞች ማኅበር አባል ከሆንሽ ተወካይሽን ጠይቂ። ጨርሶ ባይቀየርልሽም፣ የማታዎቹን ፈረቃዎች አንድ ላይ፣ የጠዋቶቹን አንድ ላይ እንዲያደርጉልሽ መጠየቅ ይቻላል።

ልጅሽን በተመለከተ፣ ያንቺን መብራት ለሱ አታድርጊለት። የስድስት ዓመት ልጅ ጠዋት አልነሳም ማለቱ በጨለማ የተለመደ ነው። ማታ በጊዜ መተኛቱን አረጋግጪ፣ ታብሌቱን ከመኝታው አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ውሰጂበት፣ ጠዋት የክፍሉን መብራት ቀድመሽ አብሪለት። የስዊድን ትምህርት ቤቶች ዝናብም ይሁን በረዶ ልጆችን በየቀኑ ውጪ ያወጣሉ፣ እናቶቻችን ቢያዩ «ልጄን ሊገሉብኝ ነው» የሚሉትን ማለቴ ነው። ወፍራምና የሚሞቅ ቱታውን አልብሰሽ ላኪው እንጂ «ሳል አለበት፣ ውስጥ ይቆይ» ብለሽ ደብዳቤ አትጻፊ። ትኩሳት ከሌለው ይውጣ። ቅዳሜ ደግሞ ያርቫፌልተት ስትሄጂ እሱንም አባቱንም ይዘሻቸው ሂጂ። ከደም ምርመራው በኋላ ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልኝ።